ለአጥር ሥሩ ጉባኤ ምስጋና

እውነት ለመናገር ሁዳዴ ያለ እነሱ አይደምቅም። ታውቋቸዋላችሁ፣ በየደብሩ አሉ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እነሱ ከሕዝቡ ነጠል ይሉና አጥሩን ይደገፋሉ። ነጠላቸው ከሁላችንም ይነጣል። እኛ እንጸልያለን፣ እነሱ አቃቂር ያወጣሉ። የሥራ ክፍፍል ነው።

ልፋታቸውን የሚያይ የለም እንጂ ሥራው ቀላል አይደለም። ቅዳሴው ሲረዝም «14 ቅዳሴ እያለ ለምን ረጅሙን ይመርጣሉ?» ማለት አለ። ሲያጥር «ዛሬማ ሮጡበት»። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ሲቀመጥ «ቀዘቀዘ»፣ ለፋሲካ ሲመለስ «ጆሯችንን በሉት»። ድምፅ ማጉያው ካነሰ ደግሞ ገንዘባችን የት ገባ ይላሉ። (ሃያ ብር ሲሰጡ አይቼ አላውቅም፤ ለገንዘባችን መቆርቆራቸው ግን ደስ ይላል።) 55 ቀን ሲጾም የሰው ጉልበት ይዝላል። የእነሱ ምላስ ግን ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ያው ነው።

ባለፈው ሳምንት መፃጉዕ፣ የጾሙ አራተኛ እሑድ ነበር። ወንጌሉን ታውቁታላችሁ። 38 ዓመት የታመመው ሰውዬ ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። ያገኙት ሰዎች መዳኑን ትተው አልጋውን አዩ። ሰንበት ነው፣ ለምን ትሸከማለህ አሉት። እኔ ሳስበው እነዚያ ጀማሪዎች ናቸው። የኛ አጥር ሥር ጉባኤ ቤተ ሳይዳ ቢኖር ኖሮ፦

«38 ዓመት የት ነበር? ሰው ሲሰበሰብ ነው የሚድነው?» ይላል ባለመቋሚያው።

«ደግሞ ውኃው መቼ ተናወጠ? ሥርዓቱ ውኃው ይናወጣል፣ ቀድሞ የገባ ይድናል ነው።»

«እኔ የምለው፣ አልጋው የማን ነው? የግሉ ነው ወይስ የመጠመቂያው ንብረት? ተሸክሞ ሲወጣ የሚጠይቅ ጥበቃ የለም?»

«አልጋውስ ይሁን፣ ፍራሹን አይታችሁታል?»

«አምስት መመላለሻ ሠርተው አንድ የፍራሽ ማስቀመጫ አጡ። ኮሚቴው ምን ይሠራል?»

«እኔ የሰማሁት መጀመሪያም አልታመመም። እንቅልፍ ይወዳል።»

ከዚያ ወደ እግሩ ይዞራሉ። «ቀኙን ትንሽ ሳብ ያደርጋል።» «ከዳነ አይቀር በደንብ አይድንም?» ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሰብሳቢው ላይ ይጣላሉ፣ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ቆሞ ከሰማ በኋላ ፍራሹን ዘርግቶ ተመልሶ ይተኛል። «ያው፣ እናንተ ካላችሁ» ብሎ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። በዚያው እሑድ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣ። ጫት ካቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው። ነጠላው አዲስ ነው፣ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ማጣፋቱን አላወቀበትም። አንዱ ጫፍ እየወረደ ያስቸግረዋል፣ እሱም በየደቂቃው ይመልሰዋል። ከአጥሩ ሥር አንዱ፣ ልጁ እየሰማ፣ «እስከሚቀጥለው እሑድ፣ እስከ ደብረ ዘይት ከቆየ ስሜን ቀይሩት» አለ። ሳቁ። ጫፉ እንደገና ወረደ። ልጁ አልመለሰውም።

ኧረ እግዚአብሔርን ፍሩ! እናቱ ለዚያች ቀን ስንት ዓመት ጧፍ አበሩ! በስንት መከራ የተነሣ ሰው ተመልሶ እንዲተኛ የምትገፉት ምን በደላችሁ? ወንጌሉ እኮ ተነቦ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ትናንት ደብረ ዘይት ነበር። ልጁ አልመጣም። ጉባኤው ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አላልኩም?» አለ ባለስሙ። ትንቢት ደረሰ። እንግዲህ ከምስጋናው ላይ ነቢይነትንም ጨምሩላቸው።

ስወጣ እናቱን በሩ ላይ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ልጅዎ ቀረ እንዴ?»

«ምን ይቀራል! ከሰኞ ጀምሮ የሥራ ቀን ቅዳሴ ነው የሚያስቀድሰው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዱ ባዶውን ይቆማል።»

«ምነው፣ እሑድ አይሻለውም?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ከሰዓት አጥሩ ሥር ማንም የለም አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።»