የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ፣ ስኩተሩስ የት ይሂድ?

የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር (ቆመው የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ) የሚነዳ ሰው ከተማ ውስጥ ቦታ የለውም። በእግረኛ መንገድ ሲሄድ እግረኛው ይቆጣዋል። አስፋልት ላይ ሲወርድ ባለመኪናው ጡሩንባ ያንባርቅበታል። ከተሞች ደንብ ሲያወጡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቅጣቱ ነው። እዚህ አትሂድ፣ እዚያ አታቁም፣ ይህን ካደረግህ ይህን ያህል ትከፍላለህ። የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ለእኔ የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ መሆን ያለበት እሱ ነው።

ይህን ስል የእግረኛውን ጉዳይ ችላ ብዬ አይደለም። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ስኩተር በአንድ ሴኮንድ 7 ሜትር ያህል ይጓዛል። ድምፅ የለውም። ከኋላ ሲመጣ አይሰማም። ልጇን ይዛ የምትሄድ እናት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትል በቃ፣ ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ የለም። አረጋውያን አንዴ ከወደቁ መነሳቱ ይከብዳቸዋል። ዓይነ ስውሩ ደግሞ በሚሄደው ስኩተር ብቻ ሳይሆን በቆመውም ይጎዳል። መሀል መንገድ ላይ የተጣለ የኪራይ ስኩተር በየቀኑ የለመደውን መንገድ ይዘጋበታል።

ስለዚህ መከልከሉ ልክ ነው። ግን ከልክሎ ዝም ማለት ሰውየውን ወደ መኪናዎቹ መሀል መግፋት ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ስኩተሮችን ከእግረኛ መንገድ ስታግድ፣ በስኩተር ምግብ እያደረሱ የሚኖሩ ሰዎች እንጀራቸው በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ወደቀ። ተቃውሞ ተነሳ። መንግሥትም ስኩተራቸውን በሌላ መጓጓዣ እንዲቀይሩ ገንዘብ መመደብ ግድ ሆነበት። ፓሪስ በ2023 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ፣ ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶው የኪራይ ስኩተር ይቅር አሉ። ለመምረጥ የወጣው ግን ከመራጩ 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። ደግሞም የታገደው ኪራዩ ብቻ ነው። የራሱ ስኩተር ያለው ዛሬም ይነዳል፤ የሚሄድበት መንገድም ያስፈልገዋል።

ጀርመን ከ2019 ጀምሮ የያዘችው መንገድ የተሻለ ይመስለኛል። ስኩተር በብስክሌት መስመር ይሄዳል፣ መስመር ከሌለ በመኪና መንገድ፤ በእግረኛ መንገድ ክልክል ነው። ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ሜትር አያልፍም፣ ዕድሜ ከ14 ዓመት ይጀምራል፣ ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። ነጂው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

የፍጥነቱ ነገር ግን መንገድ ላይ በቆመ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ አይፈታም። በአውሮፓ ኅብረት ነጂው ፔዳሉን ሲመታ ብቻ የሚያግዝ፣ እስከ 250 ዋት ጉልበት ያለውና በ25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆም ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት ይታያል። ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ሞተር ሳይክል ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ45 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ብስክሌት ሲጋጭ ይዞት የሚመጣው ኃይል በ25 ከሚመጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ችግሩ ሁለቱ ቆመው ሲታዩ አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። የፍጥነት ገደቡን «እንከፍትልሃለን» እያለ የሚሸጥ ሻጭ ባለበት፣ ነጂውን ብቻ መቅጣት ፍትሕ አይደለም። ደንቡ ሻጩንም ይያዝ።

የዴሊቨሪ ድርጅቶችም እንዲሁ። ክፍያው ባደረሰው ዕቃ ቁጥር ከሆነ፣ ነጂው የሚጣደፈው ስለተከፈለው ነው። እሱ በጥድፊያ ሲቀጣ ጥድፊያው የሚያተርፈው ድርጅት ለምን ዝም ይባላል?

የባትሪው እሳት ለብቻው ብዙ የሚያጽፍ ነው። እዚህ ላይ ኒውዮርክ በ2023 ያደረገችው ይበቃል፤ የደኅንነት ፈተና ያላለፈ ባትሪ እንዳይሸጥ ከለከለች። ሄልሜትም ይደረግ፣ በደንብ ይደረግ። ነገር ግን ሄልሜት ያደረገ ሰው ከጭነት መኪና ጎን ሲሄድ አሁንም ከጭነት መኪና ጎን ነው።

የብስክሌት መስመር በአንድ ዓመት አይሠራም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አይሠራም። ግን መስመር እስኪሠራ ድረስ በጠባብ መንገዶች ላይ የመኪናውን ፍጥነት 30 ላይ መገደብ ይቻላል። 25 የሚሄድ ብስክሌትና 30 የሚሄድ መኪና አንድ መንገድ መጋራት አያቅታቸውም። ስለዚህ ምክር ቤቶች የቅጣት ሰንጠረዥ ከማጽደቃቸው በፊት የመንገድ ካርታ ያውጡ። የትኛው መንገድ ላይ መስመር አለ፣ የትኛው ላይ መኪናው ቀስ ይላል፣ ስኩተር የት ይቆማል። ያ ካርታ በእጁ እያለ በእግረኛ መሀል የሚከንፍ ሰው ይቀጣ፤ እኔም አልከራከርለትም።