ቀስቷን እንኳ አታዩም?

ሰሞኑን በመኪናዬ መካኒክ እርር ድብን ብያለሁ። ዛሬ ልተንፍሰው።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ አሮጌ፣ ኦቶማቲክ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ እናቴን ሐኪም ቤት የምወስደው በእሷ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ልቀይር ብል የአሮጌውም ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ያለችኝን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት። ሞተር ቢበላሽ የሚጠግነው አይጠፋም። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ከሄደ ግን ሄደ ነው። ፈትቶ በደንብ የሚገጥመው ሰው ጥቂት ነው፤ ያገለገለ ገዝቶ ማስገጠም ደግሞ ሎተሪ ነው።

ባለፈው የካምቢዮዋ ዘይት ሲቀየር ቆሜ አይ ነበር። ከሥር ዘይቱን የሚይዘው ኮፓ ወርዷል። ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ላይ ግራጫ ነገር ተጋግሯል። በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ እንደ ጭቃ ይልማል። የብረት ዱቄት ነው። የካምቢዮዋ የራሷ ፊልትሮ፣ ማጣሪያው ማለቴ ነው፣ የሽቦ ወንፊት ነው፤ ትልልቁን ይይዛል፣ ደቃቁን ያሳልፋል። ያ ደቃቅ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ውስጡን ይበላዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዘይቱ ራዲያተር ውስጥ ቀዝቅዞ ወደ ካምቢዮው የሚመለስበት ቱቦ አለ። እሱ መሀል ላይ ትንሽ ፊልትሮ ትገባለች። ማግኔት አላት። ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ የምታሳይ ቀስትም ተቀርጾባታል። ብትደፈን እንኳ ዘይት እንዳይቆም የምታሳልፍበት ቫልቭ አላት። እዚህ ፈልጌ ሳጣ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ አመጣችልኝ። ከነቱቦዋ! ለትኩስ የካምቢዮ ዘይት የተሠራ ቱቦ።

ለመካኒኩ ሰጠሁት። «የመመለሻው ቱቦ ላይ፣ ቀስቷ ወደ ካምቢዮው» አልኩት። «ወንድሜ፣ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ» አለኝ። ስልክ ላናግር ወጣ ብዬ ስመለስ አልቋል፤ ኮፈኑም ተዘግቷል። ከፍዬ ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ቀይ ጠብታ። ልቤ ስንጥቅ አለ። በስልኬ መብራት ሥሯ ገብቼ አየሁ። ፊልትሮዋ ላይ የተቀረጸችው ቀስት ወደ ራዲያተሩ ታሳያለች። ገልብጠው ገጥመዋታል! ቱቦውም የኔ አይደለም። የውሃ ቱቦ ነው። ዘይት ጠጥቶ አብጧል፤ ስጫነው እንደ ማስቲካ ይገባል። ማሰሪያው ሥር ዘይት ያልበዋል።

ወስጄ ሳሳየው ምን አለኝ? «ዘይት በሁለቱም በኩል ያልፋል፣ ለውጥ የለውም።» እንዴት ለውጥ የለውም? ቫልቩ የሚከፈተው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ተገልብጣ የተደፈነች ቀን ዘይቱ መመለሻ ያጣል። ካምቢዮው ይግላል፣ ይቃጠላል። ቀስቷ ለጌጥ አልተቀረጸችም!

ይባስ ብሎ የጎደለውን ዘይት እንዲሞላ ልጁን ላከው። ልጁ ምንም ያልተጻፈበት ጀሪካን ይዞ መጣ። «የኔ የምትወስደው ቲ-ፎር የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ይሄ ምንድነው?» ስለው «ጋሼ፣ ቀይ ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። እጁን ይዤ አስቆምኩት። አንድ አይደለም። ቅላቱ ቀለም ብቻ ነው። የተሳሳተ ዘይት የገባበት ካምቢዮ መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ያስተማረው የለም። አለቃው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ሲነግረው ኖረ?

እኔን ያቃጠለኝ አለማወቁ አይደለም። የኛ መካኒኮች እጃቸው ወርቅ ነው፤ መለዋወጫ በሌለበት ስንቱን መኪና አስነስተዋል። ግን «ይሄን ገጥሜ አላውቅም፣ እስቲ አብረን እንየው» ማለት ምን ነውር አለው? ጎንበስ ብዬ መብራት በያዝኩለት ነበር። ቱቦ ሲቀይርስ አንድ ስልክ ቢደውልልኝ ምን ነበረበት? መኪናዋ የኔ ናት፤ ልጆቼ የሚቀመጡባት።

ፊልትሮዋን አስፈትቼ ይዣለሁ። ቲ-ፎሩንም ሶማሌ ተራ ዞሬ ገዝቻለሁ። የቀረው ቱቦው ነው። እህቴ ያመጣችው ቱቦ የት እንደገባ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ። አንዱ «ለሌላ መኪና ሳይገባ አይቀርም» አለኝ። መኪናዋ ቆማለች፤ እናቴ ማክሰኞ ቀጠሮ አላት።

ቱቦዬን መልሱልኝ።