እርማት፦ «ፕሪንት» አይቶ ብቻ አይመለስም

የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን፣ ስለ ጂዲቢ (የፕሮግራም ስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ) «ጂዲቢ ላይ የፕሪንት ትእዛዝ ማየት ብቻ ነው፣ ፕሮግራሙን አይነካም» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ስሕተት ነው። ጂዲቢ የሰጠኸውን የሲ (የፕሮግራም ቋንቋ) ስሌት እንዳለ ይፈጽመዋል። በጤፍ መመዝገቢያ ፕሮግራምህ ውስጥ ኩንታል የተባለው ተለዋዋጭ 7 ሆኖ «ፕሪንት ኩንታል++» ብትል (++ ማለት አንድ ጨምር ነው)፣ ለአንተ 7 ያሳይና ሜሞሪው ላይ 8 ያደርገዋል። «ፕሪንት ኩንታል=20» ደግሞ 20 አስቀምጦ ያሳይሃል፤ ሳያሳይ እንዲያስቀምጥ ከፈለግህ «ሴት ቫር» አለልህ። የባሰው «ዲስፕሌይ ኩንታል++» ነው፤ ዲስፕሌይ ስሌቱን በየመቆሚያው ደግሞ ስለሚያሳይ፣ ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር አንድ ይጨምራል (አንተ ኮዱ ውስጥ ጥፋት ስትፈልግ ትውላለህ)። ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም የምታደርግበት ቦታ) ላይም ለመቆም ቅድመ ሁኔታ «ኢፍ ኩንታል=5» ካልክ ሁልጊዜ ይቆማል፣ ዋጋውንም 5 ያደርግብሃል፤ ለማወዳደር ሁለት የእኩል ምልክት ነው የሚጻፈው። ቀጣዩን ቁጥር ለማየት ብቻ ከሆነ «ፕሪንት ኩንታል+1» ይበቃል።