የትኛው ቶማስ?

ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ስያሜ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ቅዱስ ቶማስ» የተባለውን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሁሉ በጅምላ ለ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ለቶማስ አኩዊናስ ሰጥቶታል። ሐዋርያው ቶማስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1170 የተገደለው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬትም አለ።

ለመለየት መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በዓሉን መቼ እንደሚያከብር እዩ። ጃንዋሪ 28 ከሆነ አኩዊናስ ነው፣ ጁላይ 3 ሐዋርያው፣ ዲሴምበር 29 ቤኬት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቆየ መዝገብ ላይ ማርች 7 ሲያገኝ ነው። እሱም ያው አኩዊናስ ነው፤ በ1274 ያረፈበት ቀን ነበር፣ ጾም ውስጥ እየገባ ስላስቸገረ በ1969 ተዛወረ። ሐውልት ካለም ደረቱን ተመልከቱ፦ አኩዊናስ በነጭ ቀሚስና በጥቁር ካባ ላይ የምታበራ ፀሐይ አለችው። ሐዋርያው ጦር ወይም የአናጺ ማዕዘን ይይዛል።

«ስሙ ካለ የዶሚኒካን (አኩዊናስ የነበረበት የመነኮሳት ማኅበር) ነው» የሚለውም አያስኬድም። የማኒላው ሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ (የተመሠረተው በ1611) አዎ፣ የነሱ ነው። የአሜሪካዋን የሚኒሶታ ቅዱስ ቶማስ ግን በ1885 ያቋቋሙት የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ጆን አየርላንድ ናቸው፤ የሂውስተኑን (1947) ደግሞ የባሲልያን ማኅበር ካህናት። ሁለቱም የመጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1880 አኩዊናስን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ጠባቂ ቅዱስ ካሉት በኋላ ነው።