የሃርድ ዲስክ ጥየቃ

ደብረ ብርሃን ሰው ሲታመም ጎረቤት ይጠይቃል። ሃርድ ዲስክም ሲታመም እንደሚጠየቅ ያወቅሁት ግን ባለፈው ጥር ነው።

መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ መጣ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ያየዋል፤ ፋይል ክፈት ሲሉት ግን ደርቆ ይቀራል። ውስጡ የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ አለ። ሌላ ቅጂ የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ጀበና ቡና አልፈጀበትም። መጀመሪያ የመጡት እትዬ ጎረቤታችን ናቸው። ዲስኩን ዳሰስ አድርገው «ትኩሳት አለው» አሉና ጋቢ አለበሱት። እሳቸው እስኪወጡ ጠብቄ ገፈፍኩት። ሲሠራ የሚግል ዕቃ ነው፣ ታፍኖ ይባስ ይላል።

ቀጥሎ ጋሼ ከማዶ መጡ።

«ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። የአክስቴ ልጅ እንደዚያ አድርጎ ተነስቶለታል።»

የዚህ አገር መድኃኒት ሁሉ ምስክሩ የአክስት ልጅ ነው። ምክሩ ዱሮም ይወራ ነበር፤ ችግሩ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ መያዙ ነው። ደግሞስ የደብረ ብርሃን የጥር ሌሊት እያለ ፍሪዘር ምን ያደርጋል? ደጅ ማሳደር ነው።

ሦስተኛው፣ ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ፣ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ መጣ። «እንክፈተውና እንየው።» እናቴ ከጎናችን ኩበት እያነደደች ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ክፍተት ነው። በዚያ ክፍተት አንዲት የኩበት አመድ ብትገባ ቋጥኝ ናት። ጎረምሳው አኮረፈኝ።

የሚንሳፈፈው ደግሞ በአየር ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ጭንቅላቱ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዲሠሩ ያልታሰቡት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ለጥቂት ተርፈናል። ከእኛ ከፍ የሚለው የመንዝ ጓሳ ግን ለቀይ ቀበሮ እንጂ ለሃርድ ዲስክ አይሆንም።

የእኔ ዲስክ ቋ ቋ አይልም ነበር። ቢል ኖሮ ነቅዬ ለባለሙያ እሰጠው ነበር። ጓደኛዬ ዘንድ ሌላ ባዶ ዲስክ ተበደርኩ፣ ሊኑክስ ላይ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነፃ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው) ከታመመ ዲስክ ቅጂ የሚያወጣ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አስነሳሁ። አሠራሩ እንደ ብልህ ገበሬ ነው፤ መጀመሪያ ለስላሳውን ያርሳል፣ ድንጋያማውን ዘሎ ኋላ ይመለስበታል። የደረሰበትንም ይመዘግባል። መብራት ሁለቴ ሄደብን፤ ሁለቴም ካቆመበት ቀጠለ። ሦስት ቀን ፈጀ። በነዚያ ሦስት ቀናት ዲስኩን ማንም እንዳይነካው በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀምጫለሁ።

በአራተኛው ቀን ከቅጂው ላይ ቪዲዮው ተከፈተ። ጠያቂው ሁሉ ተሰበሰበ። ሙሽራዋ ገባች፣ እልልታ ሆነ። ካሜራው ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞረ። ጋሼ ከማዶ ግራ ቀኙን አዩ፣ ደህና ቁርጥ በሶፍት ጠቀለሉ፣ ኮታቸው ውስጥ ከተቱ።

ቤቱ ፀጥ አለ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብዬ ነበር፤ ፍሪዘር ውስጥ ይደር ብዬ ነበር።»

«ሥጋው ነው?» አለች እናቴ።