የሠዓሊው ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1936 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ብራስልስ ውስጥ የተነሳ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ያነሳችው ዣክሊን ኖንኬልስ ናት። ቤልጂጋዊው ሠዓሊ ረኔ ማግሪት ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ የቀለም ገበታና ብሩሽ ይዞ ሸራው ፊት ተቀምጧል። ሸራው ላይም የተሣለው ራሱ ነው፤ እዚያም ተቀምጦ ይሥላል። የሥዕሉ ማግሪት ዓይኑን የተከለው ጠረጴዛ ላይ ባለ እንቁላል ላይ ነው፣ እጁ የሚሥለው ግን ክንፉን የዘረጋ ወፍ። ሕልምንና እውንን አንድ ላይ የሚሠፋው ሱሪያሊዝም ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን ፎቶ ነው የማሳየው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሚሠራበት ቦታ ነው። ማግሪት ከሚስቱ ከጆርጀት ጋር ከ1930 እስከ 1954 የኖረው ዤት በሚባለው የብራስልስ ሰፈር፣ ኤሴጌም ጎዳና ቁጥር 135፣ ምድር ቤቱን ተከራይቶ ነበር። ጓሮው ውስጥ ያሠራትን ክፍል የያዘው ለእንጀራው፣ ለማስታወቂያ ሥራ ነው። ሥዕሉን የሚሥለው ቤታቸው ምግብ የሚበሉበት ክፍል ውስጥ፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ክራቫቱን አስሮ። ከዕድሜ ልክ ሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ የወጡት ከዚያች ጠባብ ቤት ነው። ከእሳት ማንደጃ ውስጥ ባቡር እየጨሰ የሚወጣበት የ1938 ሥዕሉን የሚያውቅ ሰው፣ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ማንደጃውን ሲያይ ክው ይላል። ቤቱ ከ1999 ጀምሮ ሙዚየም ነው፤ የተቋቋመውም በግል ተነሳሽነት ነው። ዕቃው ተፈልጎና ተሰብስቦ በየቦታው ተመልሷል።

ይህን ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ እኛው ሠዓሊ ወደ እስክንድር ቦጎሲያን ይሄዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ገብቶ ከሱሪያሊስቶቹ ሥራ ጋር፣ በተለይም ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ጋር የተገናኘው እሱ ነው። በ1966 አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ፣ በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። «የጁጁ ሠርግ» የተባለው ሥራው ኒውዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ። ቀለም የበጠበጠበትን ክፍል ግን ለልጄ በጣቴ ላሳየው የምችልበት በር የለም፣ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም።

በአገር ቤት ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ መኖሪያቸውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው አሠርተው፣ በሕይወት ሳሉ ስቱዲዮአቸውን ለጎብኚ ከፍተዋል። የገብረ ክርስቶስ ደስታም ሥራዎች ከጀርመን ተመልሰው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ተሰቅለዋል። ሸራውን ማስመለስ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ የምቆጨው ሸራው ስለተሠራበት ቤት ነው። ሠዓሊን እንደ ተአምር እናወራለታለን እንጂ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር፣ ቀለሙን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማታ ይሠራ እንደሆን አንጠይቅም። ወጣት ሠዓሊዎቻችን መማር ያለባቸው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ቤቱን መግዛት ካልቻልን ፎቶው አለን። እስክንድር ያስተማራቸው ሰዎች እጅ፣ በየአልበሙ፣ እየሠራ የተነሳው ምስል አይጠፋም። እባካችሁ አውጡት። ጀርባው ላይ በእርሳስ ዓመቱን፣ ቤቱ የት እንደነበር፣ አጠገቡ የቆመው ማን እንደሆነ ጻፉበት፤ ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጋችሁ ለልጆቻችሁም ለትምህርት ቤቱም ስጡ።