ገመድ የታሰረላቸው ጥዶች

በጃፓን ባሕር በኩል በምትገኘው በካናዛዋ ከተማ ያለው ኬንሮኩኤን፣ ከሚቶው ካይራኩኤንና ከኦካያማው ኮራኩኤን ጋር ከአገሪቱ ሦስት ታላላቅ የአትክልት ስፍራዎች አንዱ ነው። ስፋቱ ከ11 ሄክታር ይበልጣል። ጎብኚ የሚጎርፍበት የቼሪው አበባ በሚፈካበት በመጋቢት ማብቂያና የዛፎቹ ቅጠል በሚቀላበት በኅዳር ነው። በከተማዋ የምኖር ኢትዮጵያዊ እንደመሆኔ ዓመቱን ሙሉ እመላለስበታለሁ፤ በተመላለስኩ ቁጥርም ዓይኔ ከአበባው ይልቅ ጎንበስ ቀና ሲሉ በሚውሉት አትክልተኞች ላይ ያርፋል።

የካናዛዋ በረዶ እርጥብና ከባድ ስለሆነ አንድ ሌሊት ካደረ ድጋፍ የሌለውን የጥድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ይጥላል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 1 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 22 ገደማ መሆኑ ነው፣ ገና አንዲት የበረዶ ብናኝ ሳትታይ ዛፎቹን በገመድ የማንጠልጠሉ ሥራ ይጀመራል። ሥራው የሚጀመረው ከኩሬው ዳር ባለው ካራሳኪ በተባለው ጥድ ነው። ይህን ዛፍ ካናዛዋን ይገዙ ከነበሩት የካጋ ግዛት ገዥዎች 13ኛው ማኤዳ ናሪያሱ ከቢዋ ሐይቅ ዳርቻ ባስመጡት ዘር አስበቅለውታል ይባላል። በጥዱ ዙሪያ አምስት ረጃጅም ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ አንዱ አትክልተኛ ከምሰሶው ጫፍ ላይ ሆኖ ከሩዝ ገለባ የተገመዱትን ገመዶች አንድ በአንድ ወደ ታች ይለቃል፣ ከታች ያሉት ደግሞ እየተቀበሉ ቅርንጫፉን በልኩ ወጠር አድርገው ያስሩታል። ገመዱ ከላላ ጥቅም የለውም፣ ከጠበቀም ዛፉን ይጎዳል። ለዚህ ለአንድ ዛፍ ብቻ 800 ያህል ገመድ ይውላል። ሁሉም ታስሮ ሲያበቃ ከሩቅ ለሚያየው ገና ያልተለኮሰ ደመራ ይመስላል። በረዶው ካለፈ በኋላ፣ በማርች አጋማሽ፣ ያ ሁሉ ገመድ ይፈታል፤ መጪው ኖቬምበር ሲገባም ሥራው እንደገና ከዚያው ከካራሳኪ ጥድ ይጀመራል። በረዶው በጣለበትም እምብዛም ባልጣለበትም ዓመት ማሰሩ አይቀርም።

በሰኔ ዝናቡ ሲገባ አትክልቱ ለሐበሻ ዓይን ቤተኛ ይሆናል፤ ሰማዩ ይጠቁራል፣ መሬቱ ይረሰርሳል። ጎብኚው ሲቀንስ ሌላ ሥራ ገሃድ ይወጣል። በዛፎቹ ሥር መሬት ለመሬት የሚበቅለው ሞስ የተባለ ለስላሳ አረንጓዴ ተክል በዚህ ወቅት እጅግ ያምራል፤ በመካከሉ ግን አረም ይፈላል። ሰፋፊ ባርኔጣ ያጠለቁ ሴቶች ቁጢጥ ብለው በትንሽ መንቀያ አረሙን ከነሥሩ ያወጣሉ፣ ሞሱ ሲነሣ ደግሞ በጣታቸው መልሰው ያስተኙታል። አንዷ ሴት ከክንድ ብዙም በማይሰፋ ቦታ ላይ ሳትነሣ ስትቆይ አይቻለሁ። አጠገቧ ያለፈው ጎብኚ ሁሉ ካሜራውን ያነጣጠረው በኩሬው ዳር ባለው ባለ ሁለት እግር የድንጋይ ፋኖስ ላይ ነበር።

ውኃው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1632 እ.ኤ.አ.፣ ከተማዋን እሳት በበላት ማግስት፣ ከሩቅ ወንዝ ወደ ገዥዎቹ ግንብ በቦይ ተጠለፈ፤ ኩሬዎቹን የሚሞላው ያው ቦይ ነው። ዝቅ ብሎ ያለው ፏፏቴ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ የሚፈናጠረው ያለ ሞተር፣ ከላይኛው ኩሬ ጋር ባለው የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው።

ይህን ስል ቦታውን ገነት ለማስመሰል አይደለም። ኬንሮኩኤን ጃፓንን ይገዙ ከነበሩት የጦር አለቆች፣ ከሾጉኖቹ፣ ቀጥሎ በሀብት ወደር ያልነበራቸው የካጋ ገዥዎች ከገበሬው በሰበሰቡት የሩዝ ግብር የተሠራ የግል መዝናኛቸው ነበር፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ያለ ሌላ ጥድ አለ፤ ጉብታ ላይ ተክሎ፣ ሲያድግ አፈሩን ከሥሩ ዝቆ፣ ከ40 የሚበልጡ ሥሮቹን ሁለት ሜትር ያህል አየር ላይ ማስቀረት የጥበብ ጫፍ ተደርጎ ይደነቃል። እኔን ግን ያ ዛፍ ያሳዝነኛል። ሆኖም ገዥዎቹ ከሄዱ በኋላ አትክልተኛው አልተሰናበተም። በጠዋት ከመደበኛው ሰዓት ቀድሞ ለሚገባ ሰው መግቢያው ነጻ ስለሆነ፣ ዛሬ በዚያ ሰዓት የሚንሸራሸሩት ከተማዋን የተወለዱባት አዛውንቶች ናቸው።

እኛም የምኒልክን ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ብለን ለሕዝብ ከፍተናል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ ደግሞ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮ ዓለም ጉድ ብሏል። መትከሉን የሚያጥላላ ሰው አይደለሁም፤ የተራቆተ ተራራ ያየ ሰው አያጥላላውም። የሚያሳስበኝ በሐምሌ ካሜራና ባለሥልጣን የማይጠፋበት ጉድጓድ በጥር ፀሐይ ጠያቂ ማጣቱ ነው። አገር ቤት በሄድኩበት በጋ በአንድ የአዲስ አበባ መንገድ አካፋይ ላይ የተተከሉ ችግኞች ደርቀው፣ የተካዩ መሥሪያ ቤት ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ብቻ አጠገባቸው ቆሞ አይቻለሁ። ውኃ የሚያጠጣ ሰው ተቀጥሮ እንደነበርና ደመወዙ ስለዘገየ መልቀቁን አንድ የአካባቢው ጥበቃ ነገረኝ።

እንክብካቤ የማናውቅ ሆነን ግን አይደለም። ጤፉን ደጋግሞ በእጁ የሚያርም ገበሬ ካናዛዋ ያሉትን ሴቶች ቢያይ ሥራቸው አዲስ አይሆንበትም፤ ማሳው የእሱ ነው፣ ካላረመውም አይበላም። የመንገድ ዳሩ ዛፍ ግን የማንም አይደለም። የካናዛዋን ሴቶች ለዚያ ሥራ ያስቀመጣቸው ለተፈጥሮ ያላቸው ፍቅር ብቻ አይመስለኝም፤ ሥራው ባለሙያ፣ ደመወዝና የተቆረጠ ቀን አለው።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሌላ መንገድ ተጠብቀዋል። ወይራው፣ ዝግባውና የሐበሻ ጥዱ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ለዘመናት የቆዩት ምሳር ስለተፈራ ነው። ፍርሃቱ ግን ከብት አያስቆምም፤ በደቡብ ጎንደር ባሉ አንዳንድ አጥቢያዎች ከብቶች ቡቃያውን ሲግጡትና ሲረግጡት ሽማግሌ ዛፎቹ ተተኪ አጡ። ካህናቱና ምእመናኑ ከተመራማሪዎች ጋር መክረው፣ ከየማሳው ድንጋይ እያነሡ በደኑ ዙሪያ አጥር ካቡ። አጥሩ ከቆመ በኋላ በዛፎቹ ሥር ችግኝ በቅሏል፤ ድንጋዩን ያዋጡት ገበሬዎችም ማሳቸው ለእርሻ ተመችቷቸዋል።